የላቡ ቁልፍ ማን ጋ ነው? አምስት ዓመት የከፈልኩበት የኮምፒውተር ሳይንስ ዲግሪ

ሱቄ ቱሉ ዲምቱ ነው። ሞባይል እጠግናለሁ፣ ፎቶ ኮፒ አደርጋለሁ፣ እጠርዛለሁ። ያገለገለ ላፕቶፕ ሲገኝም እሸጣለሁ። ዓመቱን ሙሉ የምጠየቀው ስለ ላፕቶፕ ነው። ባትሪው ስንት ሰዓት ይይዛል? ስክሪኑ ተቀይሯል ወይ? ነሐሴ ሲገባ ግን ጥያቄው ይለወጣል። እናት ልጇን ይዛ ትመጣለች። «አንተ እዚያ ኮሌጅ ተምረህ የለ? ኮምፒውተር ሳይንስ ላስገባው ወይስ ይቅር?» ትለኛለች። ልጁ ከኋላዋ ቆሞ ስልኩን ይነካካል።

ቆሜ ሳስረዳ ደንበኛ ይሄድብኛል። ስለዚህ አንዴ ጽፌ ልገላገል። የምገመግመውም ልክ እንደ ላፕቶፕ ነው። በገንዘቤ የገዛሁት ነገር ነውና።

የኮሌጁን ስም አልጽፍም። የሰፈሩ ሰው ያውቀዋል፤ ለሩቁ ሰው ደግሞ ስሙ ምንም አይፈይድለትም። ከአስፋልቱ ወደ ኮዬ ፈጬ በሚወስደው በኩል ገባ ብሎ ያለ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ነው። ምድር ቤቱ ግማሹ ሥጋ ቤት፣ ግማሹ ፈርኒቸር ቤት ነው። ኮሌጁ ከአንደኛ ፎቅ ይጀምራል። ቅዳሜ ጠዋት 2:30 ክፍል ስትገባ የቫርኒሽ ሽታ ይቀበልሃል። ስድስት ሰዓት ሲቃረብ የጥብስ ሽታ ይተካዋል። ባዶ ሆድ ይዞ፣ ጥብስ እየሸተተው አውቶማታ የሚሉትን የማሽን ንድፈ ሐሳብ የተማረ ሰው ካለ ይመስክርልኝ።

ቅርባችን ቂሊንጦ ላይ የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ አለ። ግን እኔ ሱቅ ያለኝ፣ ሁለት ልጅ የማሳድግ ሰው ነኝ። ሰኞ ጠዋት ክፍል ልግባ ብል ማን ይሸጥልኛል? ስለዚህ የቅዳሜና እሁዱን መረጥኩ። በ2012 ጀምሬ በ2017 ጨረስኩ። ስጀምር 36 ዓመቴ ነበር። የክፍል ልጆች መጀመሪያ «ፋዘር» ይሉኝ ነበር። አንዷ ተቆጥታ «ጋሼ በሉት» አለቻቸው። ከዚያ በኋላ ጋሼ ሆንኩ። የወር ክፍያው ስጀምር 1,400 ብር ነበር፤ ስጨርስ 2,600 ደርሷል። የሃንድአውት፣ የፈተና ወረቀት፣ የመታወቂያ እድሳት እያሉ የሚቀበሉት ለብቻው ነው።

ነጋዴ ስለሆንኩ ደብተር ይዤ ነበር። በግራ ገጽ የከፈልኩትን፣ በቀኝ ገጽ ያገኘሁትን እጽፋለሁ። መምህር ስንት ቀን መጣ፣ ስንት ቀን ላብ (የኮምፒውተር ክፍሉ) ገባን፣ ስንት ቀን መብራት ጠፋ። ይህን የምጽፈው ያንን ደብተር አጠገቤ አስቀምጬ ነው።

መጀመሪያ ጥሩውን ልናገር። የኮርሶቹ ዝርዝር ጥሩ ነው። ፕሮግራሚንግ፣ ዳታ ስትራክቸር፣ አልጎሪዝም፣ ዳታቤዝ፣ ኦፐሬቲንግ ሲስተም፣ ኔትወርክ፣ አርክቴክቸር፣ ሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ፣ ሴኩሪቲ፣ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ፣ አውቶማታ፣ ኮምፓይለር። የቀረ ያለ አይመስልም። ለዚህ ግን ኮሌጁ አይመሰገንም። ዝርዝሩ ለአገሪቱ ተቋማት ተጣጥሞ የተዘጋጀው ነው፤ ኮሌጁ አርማውን ለጥፎ አሳተመው እንጂ አልጻፈውም።

አንድ ማታ ሱቅ ዘግቼ ይህን ዝርዝር ከውጪው ጋር አስተያየሁት። ኤሲኤም የሚባለው የአሜሪካኖቹ የሙያ ማኅበር ለኮምፒውተር ሳይንስ ዲግሪ ምን ምን መማር እንዳለበት ምክር የሚያወጣው ከ1968 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው። በየአሥር ዓመቱ ገደማ ይከልሰዋል። የ2013ቱ ሙያውን በ18 ዘርፍ ከፍሎታል፤ የ2023ቱ ወደ 17 አመጣው። እርሳስ ይዤ አንድ በአንድ ምልክት አደረግኩ። የእኛ ዝርዝር ላይ ያላገኘሁት ጥቂት ነው። በወረቀት ከማንም አናንስም።

ያው የ2013ቱ ሰነድ ግን አንድ ነገር አሳየኝ። ማንኛውም ተመራቂ ሳይማረው መውጣት የለበትም የሚለውን በሰዓት ቆጥሮ አስቀምጦታል፦ 165 የሌክቸር ሰዓት። ላብና የቤት ሥራ ሳይቆጠር። የእኔ ደብተር ላይ ደግሞ ዳታ ስትራክቸር (መረጃ ኮምፒውተር ውስጥ የሚደረደርበት ዘዴ) በወረቀት 32 ሰዓት ሌክቸር ነበረው። የተማርነው 19 ነው። አንድ ቅዳሜ የመምህሩ ሠርግ ነበር፤ እሱንስ ይቅር ብዬዋለሁ።

ችግሩ ሰዓቱ ብቻ ቢሆን አልጽፍም ነበር። ያቃጠለኝ ቅደም ተከተሉ ነው።

አንደኛ ዓመትን ቶሎ ልለፈው። እንደ ማንኛውም ፍሬሽ የጋራ ኮርሶቹን ወሰድን። የሎጂክ ኮርሱን ወድጄዋለሁ፤ ከደንበኛ ጋር ስከራከር እስካሁን ይጠቅመኛል። ጂኦግራፊውም ደስ ይላል። ኢመርጂንግ ቴክኖሎጂ በሚለው ኮርስ ስለ ብሎክቼይን ተፈተንን። ያኔ ከክፍሉ ተማሪ ግማሹ ፋይል ኮፒ አድርጎ ፍላሽ ላይ መለጠፍ አይችልም ነበር። መጋቢት 2012 ኮሮና መጣና ትምህርት ተዘጋ። ሃንድአውት በቴሌግራም እየተላከልን፣ እኔም ለሰፈሩ ልጆች እያተምኩ ዓመቱ አለቀ። እውነት ለመናገር በዚያ ጊዜ ከኮሌጁ ይልቅ ሱቄ ነው ያተረፈው።

ሁለተኛ ዓመት ላይ የትምህርት ፕሮግራሙ ተለጠፈ። ዳታ ስትራክቸር የሚል አየሁ። የፕሮግራሚንግ መግቢያው የለም። ሬጅስትራር ሄጄ ጠየቅኩ።

«ፕሮግራሚንግ በሚቀጥለው ሴሚስተር ነው» አለችኝ።

«እህቴ፣ ይሄኛው እኮ ያኛውን ሳይማሩ አይገባም።»

«አውቃለሁ። ግን መምህር የተገኘው ለዚህ ነው።»

ሴትየዋ አልዋሸችኝም፤ ስለዚህ አልተቀየምኳትም። የእኛ ካሪኩለም በተግባር የሚሠራው እንዲህ ነው። ቅዳሜ የሚመጣ መምህር ከተገኘ ኮርሱ ይከፈታል። ካልተገኘ ለከርሞ ይተላለፋል። የዶሮ ወጥ ዕቃ በሙሉ ተገዝቶ ሽንኩርቱ መጨረሻ ላይ ቢገባስ? ዕቃው አልጎደለም። ግን ማን ይበላዋል?

ያንን ሴሚስተር አልረሳውም። መምህሩ ሊንክድ ሊስት ጀመረ። ቦርዱ ላይ ሳጥን ይሥላል፣ ከሳጥኑ ቀስት ያወጣል፣ ቀስቱን ሌላ ሳጥን ላይ ያሳርፋል። «ፖይንተር ነው» ይላል። ክፍሉ ውስጥ ፎር ሉፕ (ትእዛዝ የሚደጋግም ኮድ) ጽፎ የሚያውቅ ሦስት ሰው ነበር። ሌሎቻችን ሳጥኑንና ቀስቱን አሳምረን ደብተራችን ላይ ገለበጥን። አንዲት ልጅ በቀይ እስክሪብቶ ሳይቀር አቅልማዋለች። ሚድ ላይ «ሊንክድ ሊስት ምንድነው?» ተባልን፤ የሸመደድነውን ጻፍን፤ ቢ ፕላስ አመጣሁ። ምንም አልገባኝም ነበር።

የገባኝ ከስድስት ወር በኋላ ነው። ያውም ክፍል ውስጥ አይደለም። ወረዳ ጉዳይ ኖሮኝ ሄጄ ወረፋው ረጅም ነበር። እንደምታውቁት እኛ ጋ ሰው ተሰልፎ አይቆምም። ይመጣል፣ «መጨረሻው ማነው?» ይላል፣ «ከእርስዎ ኋላ ነኝ» ብሎ ጥላ ሥር ይቀመጣል። ሰልፍ የሚባል ነገር በዓይን አይታይም። አንዱ ዛፍ ሥር ነው፣ አንዷ ደረጃው ላይ ናት፣ አንዱ ማዶ ቡና እየጠጣ ነው። ሁሉም ግን አንድ ሰው ያውቃል፤ ከፊቱ ያለውን። አንዱ ሰልችቶት ሲሄድ ደግሞ «እኔ ከእሳቸው ኋላ ነበርኩ፣ አንቺ አሁን ከእሳቸው ኋላ ነሽ» ብሎ ይሄዳል። ማንም ከተቀመጠበት አልተነሳም፤ ሰልፉ ግን ተስተካከለ። እዚያው ወንበር ላይ ብቻዬን ሳቅኩ። ሊንክድ ሊስት ማለት ይኼ ነው! ሰዉ ሳጥኑ ነው፣ «ከእርስዎ ኋላ ነኝ» ማለቱ ቀስቱ። ለካስ ሳጥኖቹ ተጠጋግተው መቀመጥ የለባቸውም። ሳይናገር የሄደ ሰው ሲኖር ደግሞ ከኋላው ያሉት ሁሉ ይጠፋሉ። ፕሮግራም ስጽፍ እኔም ስንቴ እንዲህ አጥፍቻቸዋለሁ።

ይህ ያለ ፕሮግራሚንግ ሊገባኝ አይችልም ነበር። በመካከሉ አንድ ሴሚስተር ፕሮግራሚንግ ስለተማርኩ ነው ወረፋው ዓይኔን የገለጠው። ቅደም ተከተል ስል ይህንን ነው። ሁለቱን ኮርስ አገላብጠው ቢሰጡን ኖሮ ያው ዋጋ፣ ያው መምህር፣ ያው ክፍል ነው። ተጨማሪ አምስት ሳንቲም አያስወጣም።

አሁን ወደ ላቡ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። በሩ ላይ «የኮምፒውተር ላብራቶሪ» የሚል ተለጥፏል። 22 ኮምፒውተር አለ፤ የሚሠሩት ዘጠኝ ናቸው። ይህ ግን ከቁልፉ ጉዳይ ጋር ሲተያይ ቀላል ነው። የላብ ሠራተኛው ቅዳሜና እሁድ አይገባም። ቁልፉን ለጥበቃው ይተዋል። ጥበቃው «ዲኑ ወስደዋል» ይላል። ዲኑ «ሬጅስትራር ጠይቁ» ይላሉ። ሬጅስትራሯ ጥበቃው ጋ ትልከናለች። አንድ ቅዳሜ እኔና ሁለት ልጆች ቆርጠን ፍለጋ ገባን። ቁልፉ የት ተገኘ? ታች ሥጋ ቤት፣ ካሸሯ መሳቢያ ውስጥ። ጥበቃው ቁርሱን እዚያ ስለሚበላ አደራ ብሎ አስቀምጦት ነው። ከዚያ በኋላ በቀጥታ ካሸሯን መጠየቅ ጀመርን። በደብተሬ መሠረት ያን ዓመት ላብ የገባነው 11 ቀን ነው። ሰባቱ ከሥጋ ቤቱ ግኝት በኋላ ነው።

ውስጥ ያለው ሶፍትዌር ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ተርቦ ሲ ፕላስ ፕላስ የሚባለው የፕሮግራም መጻፊያ፤ ያ ሰማያዊ ስክሪን። በ1990ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. የወጣ ነው። በአሁኑ ዊንዶውስ በራሱ ስለማይነሳ ዶስቦክስ በሚባል የድሮ ፕሮግራም ማስነሻ ውስጥ ነው የሚከፈተው። ማውዝ ለምደው የመጡ ልጆች ፋይል ሴቭ ማድረግ አቅቷቸው ሲያለቅሱ አይቻለሁ። አሮጌ ስለሆነ ብቻ አልነቅፈውም። እኔ ራሴ አሮጌ ዕቃ ሻጭ ነኝ። የምነቅፈው እዚያ የተማሩት ነገር ከላቡ ውጪ አልሠራ ስለሚላቸው ነው። ቤታቸው ሄደው በዘመኑ ኮምፓይለር (ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ በሚቀይረው) ሲሞክሩት ያው ኮድ የስህተት መዓት ይዘረግፋል። ልጆቹ ጥፋተኛ ራሳቸው ይመስሏቸዋል።

ኦፐሬቲንግ ሲስተምን ሙሉ በሙሉ በስላይድ ነው የተማርነው። ዴድሎክ (ፕሮግራሞች እርስ በርስ ተጠባብቀው መቆማቸው) እንዲከሰት የሚያስፈልጉትን አራት ሁኔታዎች በቃሌ እወጣቸዋለሁ፤ ሌሊት ቀስቅሳችሁ ብትጠይቁኝ እንኳ። ሊኑክስ የሚባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ትእዛዝ የሚጻፍበትን ተርሚናል ግን አንድም ቀን አላሳዩንም። በኋላ ሱቅ ውስጥ ገዢ ያጣ አሮጌ ዴል ላፕቶፕ ላይ ኡቡንቱ የሚባለውን ሊኑክስ ጫንኩበት። ያን ኮርስ እውነት የተማርኩት እዚያ ነው። ዴሉን እስካሁን አልሸጥኩትም።

አሁን ሙሉ ዋጋውን ያወጣልኝን አንድ ኮርስ ልንገራችሁ። የአልጎሪዝም፣ ማለትም ችግር ደረጃ በደረጃ የሚፈታበት ዘዴ፣ ኮርስ ነው። መምህሯ ከሰሜኑ የከተማው ጫፍ ድረስ ነበር የምትመጣው። ሁለት ታክሲና አንድ ባጃጅ ይዛ 2:30 ላይ ክፍል ትገኛለች። እኛ ከጎኑ ያለነው ነን የምናረፍደው። ስላይድ አትጠቀምም። የመጀመሪያ ቀን ገብታ «ከዚህ መስቀል አደባባይ በምን ትሄዳላችሁ?» ብላ ጠየቀች። ክፍሉ ተንጫጫ። አንዱ በቃሊቲና በሳሪስ ይላል። ሌላው ቃሊቲ ላይ ባቡር ይይዛል። አንዷ በጎሮ ዞራ በመገናኛ ትመጣለች። መምህሯ ሁሉንም ቦርዱ ላይ በነጥብና በመስመር ሣለችው። መስመሩ ላይ ደቂቃ አስጻፈችን።

ክፍላችን ውስጥ ቀን ቀን የታክሲ ረዳት የሆነ ልጅ ነበር። ዝም ብሎ ነው የሚቀመጠው። ያን ቀን እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ ቃሊቲ ላይ ያለው ደቂቃ ውሸት ነው። ቅዳሜ ሌላ ነው፣ ሰኞ ሌላ ነው» አለ። ተነስቶ የራሱን ቁጥር ጻፈ። እሷም በእሱ ቁጥር ሠርታ አጭሩን መንገድ አወጣች። ከዚያ ይህን ዘዴ ያገኘው ዳይክስትራ የሚባል ሆላንዳዊ መሆኑን ነገረችን። በ1956 እ.ኤ.አ. አምስተርዳም ውስጥ ከእጮኛው ጋር ገበያ ወጥቶ ደክሟቸው ቡና ሊጠጡ አረፍ ይላሉ። ወረቀትና እርሳስ ሳይዝ፣ በ20 ደቂቃ ውስጥ፣ በአእምሮው ሠራው። ያሳተመው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። ረዳቱ ልጅ ይህን ሰምቶ «ሃያ ደቂቃ? እኛ ቃሊቲን ለማለፍ አንድ ሰዓት ይፈጅብናል» አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከፊት ነው የሚቀመጠው።

ፈተናዋ ደብተር ገልጦ ነው። ከደብተር የሚገለበጥ ግን የለም። ሃያ ነጥብ ያለው ጥያቄ «ይህ ኮድ ለምን ተሳሳተ?» የሚል ነበር። ሁለት ሰዓት አፈጠጥኩበት። በአምስት ዓመት ውስጥ ከፈተና ስወጣ ደስ ያለኝ ያን ቀን ብቻ ነው። በሚቀጥለው ዓመት አልተመለሰችም። የታክሲዋን እንኳ የማይሸፍን ክፍያ ነበር ይባላል፤ እኔ ግን አልጠየቅኳትም።

ዝርዝሩ ላይ ጨርሶ የሌለ ነገርም አለ፤ እኛ ራሳችን። ይህ የኮሌጁ ጥፋት አይደለም፤ ካሪኩለሙን የሚቀርፁ ሰዎች ይስሙኝ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። በ2015 ለሱቄ የዱቤ መዝገብ በኮምፒውተር ሠራሁ። ኩራቴ ልክ አልነበረውም። አንዲት ደንበኛ አለችኝ፣ ስሟ ፀሐይ ነው። እኔ አንድ ቀን በፀሐዩ ፀ ጻፍኳት፣ ሚስቴ ሌላ ቀን በጸሎቱ ጸ ጻፈቻት። ማሽኑ ሁለት ሰው አደረጋት። የአንዷን ዕዳ ከፍላ «ጨረስኩ» አለች፤ የሌላኛዋ ግን ተከፍቶ ቀረ። ቁጭ ብዬ ቆጠርኩት። ሁለት ፀ፣ ሦስት ሀ፤ ሃን ሳልጨምር አንድ ስም በስድስት መንገድ ይጻፋል። ዳታቤዝ ኮርስ ላይ ሙሉ ሴሚስተር ኖርማላይዜሽን (መረጃ እንዳይደጋገም ማደራጀት) ተምረን ይህን አንድ ሰው አላነሳልንም። ምሳሌዎቹ ላይ ያሉት ሰዎች በሙሉ ስማቸው ስሚዝ ነበር። ቅጹ ሁሉ የቤተሰብ ስም ይላል። እኛ ጋ የቤተሰብ ስም የሚባል አለ እንዴ? የአባት ስም፣ የአያት ስም ነው ያለን።

ቀኑ ደግሞ ባሰ። ያ ዓመት ጳጉሜ ስድስት ነበረች። አንድ ሰው በጳጉሜ 6 እከፍላለሁ አለኝ። ማሽኑ 13ኛ ወር የሚባል አላውቅም ብሎ እምቢ አለ። በፈረንጅ ቀን እየቀየርኩ ላስቀምጥ ብዬ መስከረም 1 ሁልጊዜ ሴፕቴምበር 11 ነው ብዬ ጻፍኩ። የ2016 መስከረም 1 ግን በ12 ነበር የዋለው። ከዚያ ቀን እስከ የካቲት 21 ድረስ መዝገቤ በሙሉ በአንድ ቀን ተዛነፈ። የካቲት 22 ላይ በራሱ ተስተካከለ። ምን እንደነካው ለማወቅ ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። ከዚህ የተሻለ የፕሮግራሚንግ አሳይመንት ማን ይስጠኝ? ኢፍ አለው፣ ቀሪ ማስላት አለው፣ ፈትኖ ማረጋገጥ አለው። ደግሞም ከኢንተርኔት ተገልብጦ ቢመጣ መምህሩ ወዲያው ይነቃበታል።

ፊደሉን ልጨምር። አሮጌው ዴል ላይ በሲ ቋንቋ «ሰላም» የሚለው ቃል ስንት እንደሆነ አስቆጠርኩ። 9 አለኝ። በፓይተን አስቆጠርኩ፤ 3 አለ። መጀመሪያ አንዱ የተበላሸ መሰለኝ። ኋላ ገባኝ። ፊደላችን ዩኒኮድ (ለዓለም ፊደላት ቁጥር የሚሰጠው ሰንጠረዥ) ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። በተለመደው አቀማመጥ፣ በዩቲኤፍ-8፣ ሲቀመጥ እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት (የኮምፒውተር ማከማቻ መለኪያ) ይወስዳል። ሲ ባይት ይቆጥራል፣ ፓይተን ፊደል ይቆጥራል። የእንግሊዝኛ ቃል ላይ ሁለቱም አንድ ዓይነት መልስ ስለሚሰጡ ልዩነቱ አይታይም። የባይትና የፊደልን ልዩነት ከእኛ ፊደል የተሻለ የሚያሳይ የለም። አሥር ደቂቃ ይበቃዋል። አምስት ዓመት ሙሉ ግን አንድም መምህር ቦርዱ ላይ «ሰላም» ብሎ አልጻፈም።

የመመረቂያ ፕሮጀክትን በተመለከተ እኔ ከማንም በላይ መረጃ አለኝ። አታሚው እኔ ነኛ። በየዓመቱ ሰኔ ላይ ልጆች ፍላሽ ይዘው ይመጣሉ። የላይብረሪ ማኔጅመንት ሲስተም፣ የሆስፒታል ማኔጅመንት ሲስተም፣ የትምህርት ቤት ማኔጅመንት ሲስተም። ሽፋኑ ይቀየራል፣ ሆዱ ያው ነው። አንዱን የላይብረሪ ፕሮጀክት እያተምኩ ዓይኔ አንድ መስመር ላይ አረፈ። «ታካሚው መጽሐፉን በ14 ቀን ውስጥ ይመልሳል» ይላል፤ በእንግሊዝኛ ነው እንጂ። ከሆስፒታሉ የተረፈ ታካሚ ነው። ልጁን ጠርቼ አሳየሁት። ደንግጦ አስተካከለው። በሚቀጥለው ዓመት ያው ታካሚ በሌላ ልጅ ፍላሽ መጣ። አሁን እንደ ዘመድ ነው የማየው።

ልጆቹን ብቻ አልወቅስም። ሦስት ዓመት ሙሉ በራሱ ኮድ ጽፎ የማያውቅን ልጅ በመጨረሻው ዓመት ሙሉ ሲስተም ሥራ ቢሉት ምን ያድርግ? አሁን ደግሞ ቻትጂፒቲ ስላለ ከሲኒየር መገልበጥም ቀርቷል። እኔም እጠቀምበታለሁ፤ ሥራ ያቀላል። ግን ፕሮጀክቱን መምህራን ፊት በሚያቀርብበት በዲፌንሱ ቀን ልጁን «ይህቺን መስመር ብናጠፋት ምን ይሆናል?» ብሎ የሚጠይቅ ካልተገኘ ማን እንደሠራው በምን ይታወቃል? የእኔን ዲፌንስ አምስት ደቂቃ ነው የፈጀው። ሦስቱ ፕሮጀክተር ሲፈለግ ነው።

የመውጫ ፈተናው በ2015 ለሁሉም የቅድመ ምረቃ ተማሪ ግድ ሲሆን ኮሌጁ ደነገጠ። ከ50 በታች ካመጣህ ዲግሪ የለም። እውነቱን ለመናገር ለእኛ በጀን። ሲተላለፉ የኖሩ ኮርሶች በአንድ ጊዜ መምህር ተገኘላቸው። ኮምፓይለርን በአምስት ሳምንት ጨረስነው፤ ከአውቶማታ ጋር ጎን ለጎን። ኮምፓይለር የሚቆመው አውቶማታ ላይ ነው። መሠረቱና ጣሪያው እኩል ሲሠሩ ያየሁት እዚያ ነው። የመጨረሻው ሴሚስተር ደግሞ ትምህርት መሆኑ ቀረና የጥያቄ ስብስብ መሸምደድ ሆነ። ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ። የጥያቄ ስብስቡን ሱቄ ውስጥ በእጥፍ ነው ያተምኩት። 58 አምጥቼ አለፍኩ። ከክፍላችን ቀድሞ ያለፈው ግን ረዳቱ ልጅ ነው።

ታዲያ ዋጋው ያወጣል ወይ? ለእኔ አውጥቷል። ካሜራ መግጠም ላይ የኔትወርክ ሥራ ጨመርኩ። ሁለት ሱቆች የዱቤ መዝገቤን ገዝተውኛል፤ ፀሐይም አሁን አንድ ሰው ናት። ግን እኔ የራሴ ሱቅና ዴል ነበረኝ። ማታ ማታ ሳጥኑንና ቀስቱን የምፈታበት ቦታ ነበረኝ። 18 ዓመት ሞልቶት ላፕቶፕ የሌለው ልጅ እዚያ ቢገባ ወረቀቱን ይዞ ይወጣል። ከዚያ ያለፈ ግን ቃል አልገባም።

ባለፈው ነሐሴ የመጣችው እናት ይህን ሁሉ ቆማ ሰማችኝ። «እና ምን ላድርግ?» አለች። መጀመሪያ ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ያገኙትን ዕውቅና አሳዩኝ በይ አልኳት። ለዚያ ትምህርት፣ ለዚያ ካምፓስ መሆኑን እይ። ከዚያ ቅዳሜ ጠዋት ልጁን ይዘሽ ሂጂ። ላቡን ክፈቱልኝ በይ። ቁልፉ እስኪመጣ ሰዓት ያዢ። ልጁን ደግሞ አንድ ጥያቄ አስያዝኩት።

በሳምንቱ ተመልሰው መጡ። ቁልፉ በአሥር ደቂቃ ተገኝቷል፤ ተሻሽለዋል ማለት ነው። መብራት ግን አልነበረም።

«ጥያቄውንስ ጠየቅካቸው?» አልኩት ልጁን። ከዳታ ስትራክቸር በፊት የሚሰጠው ምንድነው ብሎ እንዲጠይቅ ነበር የነገርኩት።

ስልኩን ኪሱ ከተተ። «ጠየቅኳቸው ጋሼ» አለ። «‹ፕሮግራሙ ሲለጠፍ ታያለህ› አሉኝ።»